ቁጥሩን ተዉትና ከየት እስከ የት እንደቆረጣችሁት ንገሩን

ሰሞኑን አንድ ክርክር ላይ ተጥጄ ነበር። ርዕሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፦ ኑሮው ተረጋጋ ወይስ ባሰበት? አንደኛው ወገን መቶኛ ይዞ መጣ። ሌላውም መቶኛ ይዞ መጣ። ሁለቱም «ምንጩ ይፋዊ መረጃ ነው» አሉ፤ ሁለቱም አልዋሹም፤ የቀዱት ከአንድ ሰንጠረዥ ነበር። የአንዱ መስመር ወደ ላይ ይወጣል፣ የሌላው ወደ ታች ይወርዳል። ከዚያ የተለመደው ስድብ ተከተለ፤ «ካድሬ»፣ «ጽንፈኛ»፣ «ተከፋይ»። በዚያ ሁሉ ኮሜንት ውስጥ አንድም ሰው «ወንድሜ፣ ከየትኛው ረድፍ ጀምረህ የትኛው ላይ ነው ያቆምከው?» ብሎ አልጠየቀም።

እኔ እንጀራዬን የምበላው ሰንጠረዥ በመቁረጥ ነው። ሥራዬ ትልቅ ሰንጠረዥ ይሰጠኛል፣ ከእሱ የሚፈለገውን ክፍል በኮድ አውጥቼ አማካይ እሠራለሁ፣ ሌላ ሰው ደግሞ ያንን ይዞ ስብሰባ ይገባል። ስለዚህ «ቁጥር አይዋሽም» የሚል ሰው ስሰማ ትንሽ ይሸመቅቀኛል። ቁጥሩ አይዋሽ ይሆናል። ነገር ግን በሰንጠረዡና በመደምደሚያው መሃል «ከዚህ እስከዚህ ውሰድ» የምትል አንዲት መስመር አለች፤ እሷን የሚጽፋት ሰው ነው። ያቺን መስመር ደብቆ ውጤቱን ብቻ የሚያሳየን ሰው ማስረጃ አቀረበ ሊባል አይገባም። ሚኒስትር ይሁን፣ ተቃዋሚ ይሁን፣ ዶክተር ይሁን።

«ይሄ የኮምፒዩተር ባለሙያ ጣጣ ነው፣ እኛን ምን አገባን» የምትሉ ካላችሁ አንድ እውነተኛ ታሪክ ልንገራችሁ።

እ.ኤ.አ. በ2010 ካርመን ሬይንሃርትና ኬነት ሮጎፍ የተባሉ ሁለት ስመ ጥር የኢኮኖሚ ምሁራን ዕዳና ዕድገትን የተመለከተ አጭር ጽሑፍ አሳተሙ። ከ1946 እስከ 2009 ያለውን ጊዜ ይዘው 20 የበለጸጉ አገሮችን አነጻጸሩ። ከሁሉ በላይ የተወራለት ግኝታቸው ይህ ነበር፦ የመንግሥት ዕዳ ከጠቅላላው የአገር ውስጥ ምርት 90 በመቶ ሲያልፍ ዕድገቱ ይሞታል፤ አማካዩ ከዜሮ በታች 0.1 በመቶ ይሆናል። ጊዜው ዓለም ከፋይናንስ ቀውስ ገና ያላገገመበት ነበር። ቀበቶ አጥብቁ የሚሉ ፖለቲከኞች ይህቺን 90 በመቶ እንደ ገደል አፋፍ ያሳዩአት ጀመር። በአሜሪካ የፖል ራያን የበጀት ሐሳብ ጠቀሳት። የአውሮፓ ኮሚሽን የኢኮኖሚ ጉዳዮች ኃላፊ የነበሩት ኦሊ ሬንም ጠቀሷት። በአውሮፓ ጡረታ የተቀነሰውና የሆስፒታል በጀት የተቆረጠው በዚህ ጽሑፍ ብቻ ነው አልልም፤ የፈለጉት ሰዎች ያለ እሱም ያደርጉት ነበር። ግን ክርክሩን የሚያስቆም ቁጥር አግኝተው ነበር፤ ቁጥር ደግሞ አፍ ያዘጋል።

በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ አምኸርስት ቶማስ ሄርንደን የተባለ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ለክፍል ሥራ ይህን ውጤት ደግሞ ለመሥራት ሞከረ። እምቢ አለው። በይፋ ያለውን መረጃ ቢያገላብጥም ቁጥሩ አይወጣም። መጨረሻ ላይ ለምሁራኑ ጻፈላቸውና የኤክሴል ፋይላቸውን ላኩለት። (መላካቸው ያስመሰግናቸዋል፤ እዚህ አገር እንዲህ ያለ ፋይል ጠይቆ የተላከለት ሰው ካለ እጁን ያውጣ።) ተማሪው ፋይሉን ከፍቶ አማካዩ ያለበትን ሴል ሲጫን ቀመሩ ታየ። አገሮቹ የተደረደሩት ከረድፍ 30 እስከ ረድፍ 49 ነው። አማካዩ የተሠራው ግን ከረድፍ 30 እስከ 44 ብቻ ነው። አምስት ረድፎች፣ ማለትም አምስት አገሮች፣ ከታች ተቆርጠው ቀርተዋል፦ ዴንማርክ፣ ካናዳ፣ ቤልጂየም፣ ኦስትሪያ፣ አውስትራሊያ።

ስሞቹን ልብ በሉ። በላቲን ፊደል ቅደም ተከተል መጀመሪያ የሚመጡት ናቸው። ሰንጠረዡ ከመጨረሻው ፊደል ወደ መጀመሪያው የተደረደረ ስለነበር ከግርጌ ዋሉ። በምሥላዊ አነጋገር ሳይሆን በቀጥታ፣ አንድ አገር ከዓለም የዕዳ ክርክር የወጣው በስሙ የመጀመሪያ ፊደል ምክንያት ነው። ሰንጠረዡ በሀ ሁ ቢደረደር ኖሮ የሚቀሩት ሌሎች ነበሩ፤ መደምደሚያውም ሌላ ይሆን ነበር። ከቀሩት አንዷ ቤልጂየም ለ26 ዓመታት ከ90 በመቶ በላይ ዕዳ ተሸክማ በአማካይ 2.6 በመቶ ያደገች አገር ናት። ለንድፈ ሐሳቡ የምትጎረብጠው እሷ ነበረች።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ የረድፎቹ ስህተት ብቻውን ውጤቱን ያዛባው በ0.3 ነጥብ ያህል ነው። ትልቁ ነገር ሌላ ምርጫ ላይ ነበር። የኒውዚላንድ ከ1946 እስከ 1949 ያሉት ዓመታት አልተካተቱም፤ ከ90 በመቶ በላይ ዕዳ የነበረባት ሆና የተቆጠረችው በ1951 ብቻ ነው። በዚያች ዓመት ደግሞ ኢኮኖሚዋ በ7.6 በመቶ ተንኮታኩቷል። የቀሩት አራት ዓመታት ቢገቡ አማካይዋ 2.6 በመቶ ዕድገት ይሆን ነበር። በዚያ ላይ የአገሮች አማካይ ሲሠራ እያንዳንዱ አገር እኩል ድምፅ ተሰጠው። እንግሊዝ 19 ዓመት ዕዳ ተሸክማ በአማካይ 2.4 በመቶ አደገች፤ ኒውዚላንድ አንድ ዓመት ወደቀች፤ ሚዛን ላይ 19 ዓመትና አንድ ዓመት እኩል ተቀመጡ። ሄርንደን ከመምህራኑ ከማይክል አሽና ከሮበርት ፖሊን ጋር በ2013 ባወጣው እርማት አማካዩ ከዜሮ በታች 0.1 መሆኑ ቀርቶ 2.2 በመቶ ዕድገት ሆነ። ሁለቱ ምሁራን የኤክሴሉን ስህተት አመኑ፣ በቀረው ላይ ግን ተከራከሩ፤ ከፍተኛ ዕዳና ዝቅተኛ ዕድገት አብረው ይሄዳሉ የሚለውን አልተዉም። እሱ መብታቸው ነው፤ እኔም ዕዳ ጥሩ ነው እያልኩ አይደለም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ያ ቁጥር ለሦስት ዓመት ዓለምን ሲዞር «ከየት እስከ የት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሚኒስትር፣ ጋዜጠኛ፣ የፓርላማ አባል የት ነበር? የጠየቀው የቤት ሥራ ያለበት ተማሪ ነው።

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ፤ ታገሡኝ፣ ከባድ አይደለም።

የዋጋ ሰንጠረዥ አስቡ። ወደ ታች ከተሞች፣ ወደ ጎን ወራት። ይህ ባለ ሁለት አቅጣጫ ነው። አሁን ለእያንዳንዱ ሸቀጥ እንዲህ ያለ አንድ አንድ ገጽ ሥሩና ገጾቹን እንደ ደብተር ደርቧቸው፤ የጤፍ ገጽ፣ የዘይት ገጽ፣ የዶሮ ገጽ። ባለ ሦስት አቅጣጫ ሆነ ማለት ነው፤ ፕሮግራመሮች አሬይ የሚሉት ይህን ነው። ከደብተሩ አንድ ቁጥር ለማውጣት ሦስት ነገር መናገር አለባችሁ፦ የትኛው ሸቀጥ፣ የትኛው ከተማ፣ የትኛው ወር። ከሦስቱ አንዱን ሳትናገሩ «ዋጋ» ብላችሁ የምትጽፉት ነገር የለም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ እዚህ አለ። በፓይተን ነምፓይ በሚባለው መሣሪያ ከዚህ ደብተር «የአዲስ አበባን ብቻ ስጠኝ» ብላችሁ በተራ ቁጥሯ ብትጠሯት፣ የሚመጣላችሁ ቁራጭ ውስጥ የከተማ አቅጣጫ ጭራሽ የለም። ሸቀጥና ወር ብቻ ይቀራል። ኮምፒዩተሩ «አንድ ከተማ ከሆነ ምን አቅጣጫ ያስፈልገዋል» ብሎ ያነሣዋል። ያንን ቁራጭ ለሌላ ሰው ብትሰጡት የአንድ ከተማ መሆኑን የሚነግረው ምንም ነገር አያገኝም። አሁን የምናያቸውን ልጥፎች አስታውሱ። የአዲስ አበባ ገጽ ተቆርጦ «ኢትዮጵያ» ተብሎ ይለጠፋል፤ ከተማ የሚለው አቅጣጫ በመንገድ ላይ ጠፍቷል። ጅማና ደሴ ያለው አንባቢ «ይሄ የየት አገር ዋጋ ነው?» ብሎ ይገረማል፤ ከዚያ «አሉባልታ አትንዛ» ይባላል። ሰውዬው ግን ትክክል ነው። የእሱ ከተማ ተቆርጣ ቀርታለች።

የራሴንም ኃጢአት ልናዘዝ። አንድ ጊዜ የገበያ ዋጋ ሰንጠረዥ ተሰጠኝ፤ ዓምዶቹ በእኛ አቆጣጠር ከመስከረም እስከ ጳጉሜን፣ 13 ናቸው። ፓይተን የሚቆጥረው ከዜሮ ነው፤ መስከረም 0 ላይ፣ ጥቅምት 1 ላይ እያለ ነሐሴ 11 ላይ፣ ጳጉሜን 12 ላይ ይውላል። እኔም ሙሉ ዓመቱን ለመውሰድ «ከ0 እስከ 12» ብዬ ጻፍኩ። ፓይተን ግን መጨረሻ ላይ የጻፋችሁትን ቁጥር አይጨምርም፤ እሱ ጋ ሲደርስ ያቆማል። ጳጉሜን ወጣች። ውጤቱ 12 ዓምድ ሆነ፤ 12 ዓምድ ደግሞ ለማንም ሰው ዓይን ሙሉ ዓመት ይመስላል! ማንም አልጠረጠረም፤ እኔም ጭምር። ሪፖርቱ ሄደ።

የጠፋችው አምስት ቀን ምን ይዛ እንደጠፋች ገምቱ። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ገበያን ነው። ዶሮው፣ እንቁላሉ፣ ቅቤው፣ ሽንኩርቱ ዋጋው ጣሪያ የሚነካበትን ሳምንት። የእኔ ሰንጠረዥ እንደሚለው እናቶቻችን በዚያ ዓመት በዓል አልዋሉም። የዶሮ ዋጋ ሰላማዊ ነበር። ያስያዘኝ አብራኝ የምትሠራ እህት ናት፤ ኮዱን አይታ አይደለም፣ «አንተ፣ ጳጉሜን 3 ቀን ዶሮ ስንት እንደገዛሁ አስታውሳለሁ፤ ይሄ ቁጥር የታለ?» ብላ ነው። ደግሞ ላስተካክል ብዬ ጳጉሜንን እንደ ሙሉ ወር ቆጥሬ አማካዩ ውስጥ ስከታት ሁለተኛ ተቆጣችኝ፤ «አምስት ቀን ከሠላሳ ቀን እኩል ነው እንዴ?» ስትል። ልክ የኒውዚላንድ ነገር። በቀን መዝነን ሠራነው።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ኮምፒዩተሩ አንድ ቃል አላለም፤ ይህን ነው ሰው እንዲረዳልኝ የምፈልገው። ኮድ ሲሳሳት ቀይ ጽሑፍ ያወጣል ብላችሁ ታስባላችሁ። ቁረጣ ላይ አያወጣም። 13 ዓምድ ካለው ሰንጠረዥ «ከ0 እስከ 20» ብትሉት እንኳ ፓይተን ያለውን 13 ሰጥቶ ዝም ይላል። «ረድፍ 1 እና 3፣ ዓምድ 2 እና 4» ብላችሁ በዝርዝር ብትጠይቁ ነምፓይ ሁለት ሴል ብቻ ይሰጣችኋል፣ ማትላብና አር ግን አራቱን። ኤክሴል የመጨረሻውን ረድፍ ይጨምራል፣ ፓይተን ይተዋል። ፓንዳስ የሚባለው ደግሞ ይባስ፤ በስም ስትቆርጡ መጨረሻውን ይጨምራል፣ በተራ ቁጥር ስትቆርጡ ይተወዋል፤ አንድ መሣሪያ፣ ሁለት ሕግ። (ኔዘርላንዳዊው ኤድስገር ዳይክስትራ በ1982 ቁጥር ከዜሮ መጀመር፣ የመጨረሻውም መተው አለበት ብሎ የጻፈው ክርክር አሳማኝ ነው፤ ከመጨረሻው መነሻውን ስትቀንሱ ርዝመቱን ታገኛላችሁ። ትክክል ነው። ግን ዳይክስትራ ጳጉሜን የለችበትም።)

በአንድ አማካይ ላይ ሲሆን ያስቃል። በሰው ላይ ሲሆን አያስቅም። እ.ኤ.አ. በመስከረምና በጥቅምት 2020 እንግሊዝ ውስጥ 15,841 የኮቪድ ታማሚዎች ከዕለታዊው ቆጠራ ውጭ ሆኑ። ውጤታቸው መጥቷል፣ ተመዝግቧል። ፋይሉ ግን የተቀመጠው በአሮጌው የኤክሴል ዓይነት ነበር፤ እሱ ከ65,536 ረድፍ በላይ አይዝም። የተረፈው ተቆርጦ ቀረ፤ በዝምታ። ለሕዝብ የወጣው ቁጥር አነሰ፤ ከዚያ የከፋው ግን ከነዚያ ሰዎች ጋር የተነካኩትን የሚፈልጉት ሠራተኞች ስማቸውን ሳያገኙ ቀናት ማለፋቸው ነው።

ወደ እኛ ስንመለስ ቁረጣውን የሚያወሳስብ የራሳችን ነገር አለን። የ2015 በጀት ዓመት ይባላል፤ ከሐምሌ 2014 እስከ ሰኔ 2015 ነው፤ በፈረንጆቹ ከሐምሌ 2022 እስከ ሐምሌ 2023። አንዱ ድርጅት በሰንጠረዡ 2022 ይለዋል፣ ሌላው 2023፣ ሌላው 2015። ሦስቱን አንድ ላይ ደርቦ «ያለፉት አምስት ዓመታት» ብሎ የሚቆርጥ ሰው በትንሹ ስድስት ወር አንሸራትቷል። ሰምታችሁ ታውቃላችሁ ይህን የሚያብራራ ተንታኝ? እኔ አልሰማሁም።

ብርን ውሰዱ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ በይፋ ተመን አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ በዚያው ዕለት 74 ብር ገደማ ሆነ፣ ከዚያም ወደ ላይ ሄደ። ከዚያች ቀን በፊት ያለውን ረድፍ መነሻ አድርጎ ኢኮኖሚውን በዶላር የቆረጠ ሰው «አገሪቱ ተሸበሸበች» ይላችኋል። ያንኑ በብር የቆረጠ «ተመነደገች» ይላል። ሁለቱም እየተሳደቡ ነው፤ አንዳቸውም መነሻ ረድፋቸውንና የለኩበትን ገንዘብ አልተናገሩም። የመንግሥት ደጋፊው እንዲህ ሲያደርግ ተቃዋሚው ይስቅበታል፤ በማግሥቱ ራሱ ያደርገዋል። ለሁለቱም አላዝንም።

መልሱን አውቀዋለሁ። «ቴሌግራም ላይ ማን ይህን ያነብባል? አንባቢ ቁጥሩን ነው የሚፈልገው» ትሉኛላችሁ። እኔ ግን ጥናት ጻፉልኝ አላልኩም፤ ከቁጥሩ ሥር አንዲት መስመር ብቻ ነው የምጠይቀው፦ የየትኛው ከተማ፣ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው፣ በየትኛው አቆጣጠር፣ ምን ተትቷል። ይህን ለመጻፍ ሃያ ሰከንድ ይበቃል። የማትጽፉት ስለማታውቁት ከሆነ ቁጥሩን አትለጥፉ። እያወቃችሁ ከሆነ ደግሞ እናንተና እኔ የምንነጋገረው ስለ ኢኮኖሚ አይደለም።

ሰንጠረዥ በፎቶ የምትለቁ ተቋማትም አላችሁ፤ በሞባይል የተነሣ ጠማማ ወረቀት፣ ግማሹ ማኅተም የሸፈነው። እሱ ላይ ማንም ሰው ሌላ ቁራጭ ሞክሮ ሊያጣራ አይችልም፤ እናንተ የቆረጣችሁትን ብቻ እንድንበላ ነው። ሄርንደን ፎቶ ተልኮለት ቢሆን ኖሮ ረድፍ 44ን አያያትም ነበር።

ለሙያ ጓደኞቼ ደግሞ፦ በተራ ቁጥር መቁረጥ ተዉ። በስም ቁረጡ። በስም ስትጠሩ የጠራችሁት ከሌለ ኮዱ ይጮኻል፤ በቁጥር ስትጠሩ ዝም ይላል። ቆርጣችሁ ስትጨርሱ ስንት ረድፍ እንደገባ፣ ስንት እንደቀረ አትሙት፤ የቀሩትን ስም በስም። «ጊዜ የለም፣ ሪፖርቱ ለነገ ነው» እንደምትሉ አውቃለሁ፤ እኔም ያንን ብዬ ነው ጳጉሜንን የጣልኳት።

ያ ሰንጠረዥ አሁንም እጄ ላይ ነው። ዓምዶቹ ቁጥር መሆናቸው ቀርቶ ስም አላቸው፤ ኮዱም ከ«መስከረም» እስከ «ጳጉሜን» ይላል። ባልደረባዬ በየዓመቱ ሪፖርቱ ሲወጣ መጀመሪያ የምታየው የመጨረሻዋን ዓምድ ነው፤ የዶሮውን ዋጋ ታይና «እሺ፣ ይሄ የእኔ ዶሮ ነው» ብላ ትፈርማለች።